የሚወስን ስብሰባ

በኢትዮጵያ የቀበሌ ስብሰባ አካሄድ የታወቀ ነው። ስለ ጸጥታ፣ ስለ ጽዳት፣ ስለ ማዳበሪያ ወይም ስለ ልማት ዕቅድ ሰው ይጠራል። አጀንዳው ከላይ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ ሰብሳቢው ረዘም ያለ ሪፖርት ያነባል፤ ከዚያ ለሦስት ለሦስት ሰው ዕድል እየተሰጠ አስተያየት ይሰበሰባል። አንዱ ስለ ውኃ ያነሣል፣ ሌላዋ ስለ ጤና ጣቢያው መድኃኒት ትጠይቃለች፣ ሦስተኛው ክረምት በመጣ ቁጥር ስለሚቆረጠው መንገድ ይናገራል። ከአቅም በላይ የሆነው ጥያቄ ለሚመለከተው አካል እንደሚተላለፍ ይነገርና አቅጣጫ ተቀምጦ ሰዉ ይበተናል። በሚቀጥለው ጥሪ የሚመጣው ሰው ያንሳል፤ እየቆየ አበል ወይም የግዴታ ፊርማ ካልኖረ አዳራሹ አይሞላም። ያን ጊዜ በሪፖርቱ «ያጋጠሙ ችግሮች» ሥር የኅብረተሰቡ የተሳትፎ ባህል ዝቅተኛ መሆኑ ይጻፋል።

ይህን ምክንያት ለማፍረስ ከዚያው ሰፈር መውጣት አያስፈልግም። ባህሉ ዝቅተኛ ነው የተባለው ሰው የእድሩ ስብሰባ እንዳያልፈው ይጠነቀቃል፤ ቢያልፈው ይቀጣል፤ ቅጣቱንም እያጉረመረመ ቢሆን ይከፍላል። የገንዘብ ያዡን ሒሳብ ያስመረምራል፤ መተዳደሪያ ደንቡ ሲጣስ «ይህ በየትኛው አንቀጽ ነው?» ብሎ ይነሣል፤ ዳኛው ካልሆነለት በሌላ ይተካዋል። እድር ፍጹም ዴሞክራሲያዊ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሴቶች ከአመራሩ ርቀው የኖሩባቸው እድሮች ብዙ ናቸው፣ መዋጮ መክፈል ያቃተው ድኻም ከደጅ ይቀራል። ነገር ግን እዚያ የተወሰነ ነገር በማግስቱ ገንዘብ ያንቀሳቅሳል፣ ድንኳን ይገዛል፣ መዋጮ ይጨምራል። ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ የተነገረው ግን ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍርና መዝገብ ቤት ይገባል። ስለዚህ ተሳትፎን ለማጠናከር ሲታሰብ ብዙ ጊዜ የሚመረጡት መፍትሔዎች፣ ማለትም ተጨማሪ መድረክ፣ ተጨማሪ የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና፣ ተጨማሪ ኮሚቴ፣ የበሽታውን ሥር የሚስቱ ይመስለኛል። ሰው ደጋግሞ የሚመጣው ሲመጣ የሚወስነው ነገር ሲኖር ነው፤ ሊወሰኑ ከሚችሉት ነገሮች ሁሉ ደግሞ ዋናው በጀት ነው።

ይህን ክርክር በተግባር ለመፈተን በደቡብ ብራዚል የሪዮ ግራንዴ ዶ ሱል ክፍለ ግዛት ዋና ከተማ የሆነችውን ፖርቶ አሌግሬን የሚያህል ቦታ አይገኝም። ብራዚል እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1985 በወታደሮች ስትገዛ ቆይታ፣ በ1988 ያጸደቀችው ሕገ መንግሥት ለከተሞች ሰፋ ያለ ሥልጣንና ገቢ ሰጠ። በፖርቶ አሌግሬ የሰፈር ማኅበራት ቀደም ብለው ተደራጅተው ነበር፤ የከተማውን በጀት እናውቀው፣ እንወስንበት ይሉ ነበር። የሠራተኞች ፓርቲ ዕጩ ኦሊቪዮ ዱትራ የከንቲባነቱን ምርጫ አሸንፎ በ1989 ሥራ ሲጀምር ይህ ጥያቄ ደጁ ላይ ጠበቀው። እርሱና ተከታዮቹ ከተማዋን በ16 ቀጣናዎች ከፍለው፣ በየዓመቱ የሚደጋገም «አሳታፊ በጀት» የተባለ አሠራር ዘረጉ።

የአሠራሩ ብልሃት ያለው በዝርዝሩ ነው። ዓመቱ የሚጀምረው አስተዳደሩ ለየቀጣናው ነዋሪ ባለፈው ዓመት ከተወሰኑት ሥራዎች የትኞቹ እንደተሠሩ፣ የትኞቹ እንደቀሩና ለምን እንደቀሩ መልስ በሚሰጥበት ጉባኤ ነበር። አዲስ ጥያቄ ከመቅረቡ በፊት ያለፈው ይተሳሰባል። ቀጥሎ ነዋሪው በየሰፈሩ እየተገናኘ ፍላጎቱን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል፤ ተወካዮቹን ይመርጣል። የተወካዮቹ ቁጥር ለጉባኤው በመጣው ሰው ልክ ስለሚሰላ፣ ጎረቤቱን ይዞ የመጣ ሰፈር ብዙ ድምፅ ያገኛል። ከየቀጣናው የተመረጡ ሁለት ሁለት ሰዎች በከተማ አቀፉ የበጀት ሸንጎ ይቀመጣሉ፤ የሥራ ዘመናቸው አንድ ዓመት ሲሆን መራጮቻቸው ከፈለጉ ቀድመው ሊያወርዷቸው ይችላሉ። ገንዘቡ በቀጣናዎች መካከል የሚከፋፈለው አስቀድሞ በታወቀ ቀመር ነው፤ የሕዝቡ ብዛት፣ የአገልግሎት እጥረቱ መጠንና ነዋሪው ራሱ ያስቀደመው ጉዳይ እያንዳንዳቸው ነጥብ አላቸው። የውኃ መስመር ያልገባለት ሰፈር ከለማው ሰፈር የበለጠ ነጥብ ያገኛል፤ ይህም ሒሳብ እንጂ የአንድ ባለሥልጣን ቸርነት አይደለም። በመጨረሻ የትኛው ጎዳና እንደሚነጠፍና የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚሠራ አንድ በአንድ የሚዘረዝር የኢንቨስትመንት ዕቅድ ታትሞ ይወጣል፤ ነዋሪው በሚቀጥለው ዓመት አስተዳደሩን የሚሞግተው ይህንኑ መጽሐፍ ይዞ ነው።

ጅምሩ ግን የሚያኮራ አልነበረም፤ ለኢትዮጵያ አንባቢ ትልቁ ትምህርት ያለውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ዱትራ ከተማዋን ሲረከብ ገቢው ከሞላ ጎደል በሙሉ ለሠራተኛ ደመወዝ ይሄድ ስለነበር ለግንባታ የሚተርፍ ገንዘብ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሕዝቡ ተጠርቶ ፍላጎቱን ዘረዘረ፤ የተሠራለት ግን ጥቂት ነበር፤ በሁለተኛው ዙር በአንዳንድ ሰፈሮች ተሰብሳቢው ቀነሰ። ሁኔታው የተለወጠው አስተዳደሩ የንብረት ግብርን አሻሽሎ፣ ብዙ ያለው ብዙ እንዲከፍል አድርጎ፣ ለግንባታ የሚውል ገንዘብ ሲያገኝ ነው። ከዚያ በኋላ የተነጠፈው መንገድ ተሰብሳቢን ጠራ፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ተሳታፊው በአሥር ሺዎች ይቆጠር ጀመር። የዓለም ባንክ እንደዘገበው በ1988 ከከተማዋ ቤቶች 75 በመቶ ያህሉ የነበራቸው የውኃና የፍሳሽ መስመር በ1997 ወደ 98 በመቶ ደረሰ። ስብሰባ ከሚመጡት መካከል ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ሰዎች ከከተማው ድርሻቸው በላይ ነበሩ፤ ይህ በሌላው ዓለም የፖለቲካ መድረክ ብዙ የማይታይ ነገር ነው። ልምዱ ወደ ሌሎች የብራዚል ከተሞች ሲዛመትም፣ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች አሳታፊ በጀትን የተቀበሉ ከተሞች ለጤናና ለንጽሕና የሚያወጡት ገንዘብ እንደጨመረና የሕፃናት ሞት እንደቀነሰ አሳይተዋል።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ የቀበሌ ታሪክ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ሌላ ነገር ይናገራል። ቀበሌ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረስ የነዋሪው ማኅበር ተብሎ ተቋቋመ፤ ከ100 ብር በታች የሚከራዩ ቤቶችን እንዲያስተዳድር፣ የራሱ ፍርድ ሸንጎ እንዲኖረው ተደረገ። ማለትም ሲፈጠር ገንዘብም ሥልጣንም ነበረው። ብዙ ሳይቆይ ግን የማዕከላዊው መንግሥት ዓይንና ክንድ ሆኖ በቀይ ሽብር ዘመን ያደረገው ይታወሳል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። በ1994 ዓ.ም. በአራቱ ትልልቅ ክልሎች ለወረዳዎች ጥቅል በጀት መሰጠት ሲጀምር ይህ ትእዛዝ ሥጋ የሚለብስ መስሎ ነበር። ለ2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤቶች ወንበር እስከ 300 እንዲደርስ ተደርጎ በአገሪቱ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ተወካዮች ተመረጡ፤ ወንበሮቹን ከሞላ ጎደል ጠቅልለው የወሰዱት የዚያን ጊዜው ገዥ ፓርቲና አጋሮቹ ነበሩ። ቁጥሩ ብቻ ቢበቃ ኖሮ ኢትዮጵያ ከዓለም አሳታፊ አገሮች ተርታ በቆመች ነበር። አንድ ቀበሌ 300 ተወካይ ኖሮት የራሱ የሚለው በጀት ከሌለው ግን ተወካዩ ከላይ የመጣውን መልእክት ወደ ታች ከማድረስ በቀር ብዙ የሚሠራው አይኖርም። ቀጣዩ የአካባቢ ምርጫ በ2005 ዓ.ም. ተካሄደ፤ በ2010 መካሄድ የነበረበት ደግሞ ተራዘመ።

በየመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት «የሕዝብ ተሳትፎ» የሚለካበትን መንገድ ማየትም ይጠቅማል። ሕዝቡ በጉልበት፣ በገንዘብና በቁሳቁስ ይህን ያህል ብር የሚገመት አስተዋጽኦ አደረገ ተብሎ ይጻፋል። አስተዋጽኦው እውነት ነው፤ በእርከን ሥራ፣ በትምህርት ቤት ግንባታ፣ በኮብልስቶን መንገድ የኢትዮጵያ ሕዝብ ያወጣው ገንዘብና ላብ ቀላል አይደለም። ድንጋዩ ሲቆጠር ግን ግንባታው የት ይሁን በሚለው ላይ ማን እንደወሰነ በሪፖርቱ ቦታ የለውም።

በበጎ ጎን የሚጠቀስም አለ። የመሠረታዊ አገልግሎቶችን ጥበቃ ፕሮግራም ተከትሎ በብዙ ወረዳዎች በጀት በቀላል ሠንጠረዥ ተዘጋጅቶ በግድግዳ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ጀምሮ ነበር። የማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራም ደግሞ ነዋሪዎች ለጤና ጣቢያ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለውኃ አገልግሎት ነጥብ እንዲሰጡ፣ አገልግሎት ሰጪዎቹም ራሳቸውን እንዲመዝኑ፣ ከዚያ ፊት ለፊት ተገናኝተው የጋራ የድርጊት መርሐ ግብር እንዲያወጡ አድርጓል። መረጃ ብቻውን ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል ኡጋንዳ ታሳያለች፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከሚልከው የነፍስ ወከፍ ድጎማ በአማካይ 13 በመቶው ብቻ ትምህርት ቤት ይደርስ እንደነበር ተመራማሪዎች ካጋለጡ በኋላ፣ የሚላከው ገንዘብ መጠን በጋዜጣና በየትምህርት ቤቱ ደጅ ይወጣ ጀመር፤ የሚደርሰውም ድርሻ በብዙ እጥፍ አደገ። ከዕድገቱ የጋዜጣው ድርሻ ስንት ነው በሚለው ላይ ምሁራን ቢከራከሩም፣ ርእሰ መምህሩም ወላጁም የሚጠብቀውን ቁጥር ማወቁ ለውጥ እንዳመጣ መካድ ይከብዳል። የኢትዮጵያው ሙከራ የቆመበት ግን የሚቀጥለው እርምጃ ላይ ነው። ነዋሪው ስለተሰጠው አገልግሎት ነጥብ ይሰጣል፣ የተወሰነውን በጀት ያነባል፤ በጀቱ ሲወሰን ግን ክፍሉ ውስጥ የለም።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ ከኢንዶኔዥያ ይመጣል። ኢኮኖሚስቱ ቤንጃሚን ኦልከን በጃቫ ደሴት ከ600 በላይ መንደሮች በተሠሩ መንገዶች ላይ ያደረገውን ሙከራ በ2007 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ለአንዳንድ መንደሮች የመንግሥት ኦዲተር በእርግጠኝነት እንደሚመጣ አስቀድሞ ተነገራቸው፤ በሌሎች ደግሞ ነዋሪው ስለ ወጪው በሚነገርበት ስብሰባ እንዲገኝ ብዙ የጥሪ ወረቀት ተበተነ። መንገዱ ከተሠራ በኋላ መሐንዲሶች እየቆፈሩ የገባበትን ድንጋይና አሸዋ ለኩ። የኦዲት ማስጠንቀቂያው የጠፋውን ገንዘብ በስምንት መቶኛ ነጥብ ቀነሰው፤ የሕዝቡ ስብሰባ ግን በአማካይ ያመጣው ለውጥ ጥቂት ነበር። ታዲያ ተሳትፎን ትተን ኦዲተር ብንልክ አይሻልም ወይ? ግማሹን እቀበላለሁ። ተሳትፎ የኦዲተርን ቦታ አይተካም፤ አሸዋው ስንት ኪዩብ እንደሆነ ገበሬው በዓይኑ ገምቶ አያረጋግጥም። ይሁንና የጃቫ ሰው የተጠራው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ እንዲታዘብ ነው፤ መንገዱ ይሠራ ወይስ ውኃው ይቅደም ብሎ እንዲመርጥ አልነበረም፤ የሙከራው ጥያቄም ስለ ሌብነት ብቻ ነበር። ደግሞም በዚያ ሙከራ የኦዲት ውጤቱ የሚነበበው በመንደሩ ስብሰባ ፊት እንደሆነ አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። ኦዲተሩና ጉባኤው ተቀናቃኝ ሳይሆኑ አንዱ የሌላውን ሥራ የሚያጠነክር መሆኑን ከዚያው ጥናት ማንበብ ይቻላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ ዕውቀት ነው። ተራው ነዋሪ በጀት አይገባውም፤ ዛሬ የሚታየውን እንጂ የነገውን አይመርጥም ይባላል። የፖርቶ አሌግሬ ነዋሪዎች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያስቀደሙት ከመሬት በታች የሚቀበር የፍሳሽ መስመርን ነው፤ ለምርቃት ሪባን የማይመችና ፖለቲከኛ በፈቃዱ የማይመርጠው ሥራ ነበር። የቴክኒክ ጉዳይ ደግሞ የራሱ ቦታ ነበረው፤ መሐንዲሶቹ በጉባኤው እየተገኙ አንድ ጥያቄ ለምን ሊሠራ እንደማይችል ማስረዳት ነበረባቸው፤ ሊሠራ የማይችለውም ይጣል ነበር። መሐንዲስ ከሕዝብ ፊት ቆሞ ማስረዳቱ ሸክም መስሎ ቢታይም፣ ሁለቱንም ወገን ያስተማረው ይኸው ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ነው፤ አንደበተ ርቱዑ፣ ባለ ዘመዱ፣ የፓርቲ አባሉ ጉባኤውን ይጠልፈዋል የሚለው። በኢትዮጵያ ይህ ስጋት ከሌላ ቦታ ይብሳል፤ ቀበሌና ፓርቲ ለረጅም ዘመን ተደበላልቀው ስለኖሩ፣ በአንድ ለአምስት አደረጃጀት ውስጥ ያለፈ ሰው እጅ ማውጣት ምን ሊያስከትል እንደሚችል ያሰላል። ሰላም በራቀባቸው አካባቢዎችማ ዝምታ ራስን መጠበቂያ ነው። ስለዚህ የሥራዎች ቅደም ተከተል እጅ በማውጣት ሳይሆን በምስጢር ድምፅ ቢወሰን ብዙ ነገር ይለወጣል፤ ከካርቶን ሳጥንና ከቁራጭ ወረቀት የበለጠ ወጪ የለውም። የስብሰባው ሰዓትም ፖለቲካ ነው፤ በገበያ ቀን ወይም ሴቶች ውኃ በሚቀዱበት ሰዓት የተጠራ ጉባኤ አስቀድሞ ግማሹን ሕዝብ አስቀርቷል። ተወካዮች በየዓመቱ እንዲቀየሩ ማድረግም ጠለፋውን ያከብደዋል። ጠለፋን ፈጽሞ የሚያስቀር መላ የለም፤ ዛሬ በዝግ ክፍል የሚወሰነው በጀት ግን ከጠለፋ ነጻ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው አላጋጠመኝም።

አራተኛው ነገር ተቃውሞ ከመሆን ይልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። የሠራተኞች ፓርቲ በ2004 እ.ኤ.አ. በፖርቶ አሌግሬ ተሸነፈ፤ አሳታፊው በጀት ስሙ ቢቆይም ገንዘቡ እየተመናመነ ሄደ፤ በ2017 ደግሞ ከንቲባ ኔልሰን ማርኬዛን የገንዘብ እጥረትን ጠቅሰው አገዱት። አሠራሩ በከንቲባው ፈቃድ ላይ እንጂ በጠንካራ ሕግ ላይ አልቆመም ነበር። የሕንዷ ኬረላ ሌላ መንገድ ሄዳለች። እዚያ የግራ ክንፍ መንግሥት በ1996 እ.ኤ.አ. «የሕዝብ ዕቅድ ዘመቻ» ሲጀምር ከክፍለ ግዛቱ የልማት በጀት ከ35 እስከ 40 በመቶ የሚሆነውን ለመንደርና ለከተማ ምክር ቤቶች እንደሚያወርድ ወሰነ፤ ከሥሩም የአካባቢ አስተዳደርን ያጸናው የሕንድ ሕገ መንግሥት ማሻሻያና የክፍለ ግዛቱ ሕግ ነበሩ። የመንደሩ ጉባኤ ፍላጎት ይሰበስባል፣ መንደሩ ስለ ራሱ የልማት ሪፖርት ይጽፋል፣ ከገንዘቡም አንድ አሥረኛው ለሴቶች ጉዳይ ይመደባል። በ2001 ተቃዋሚው ጥምረት ሥልጣን ሲይዝ የዘመቻውን ስም ለወጠ፤ ገንዘቡ ወደ ታች መውረዱን ግን ሊያቆመው አልቻለም፤ የየመንደሩ ተመራጮች፣ የእርሱ ወገን የሆኑት ጭምር፣ የለመዱትን በጀት አሳልፈው የሚሰጡ አልነበሩም።

«የእኛ ወረዳ በጀት በደመወዝ አልቆ ምን ይወሰንበታል?» የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ነው፤ ዱትራም የገጠመው ያው ነበር። መልሱ በትንሹ መጀመር፣ ግን እውነተኛ በሆነ ትንሽ መጀመር ነው። ወረዳው ከካፒታል በጀቱ የተወሰነ ድርሻ ለይቶ፣ ለየቀበሌው የሚደርሰውን በታወቀ ቀመር አካፍሎ፣ ነዋሪው በዚህ ላይ የወሰነውን የወረዳው ምክር ቤት ያለ በቂና የተጻፈ ምክንያት እንዳይለውጠው በክልል ሕግ ቢደነገግ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። ነዋሪው ለአንድ ድልድይ ራሱ ወስኖ ያዋጣ እንደሆነ መዋጮውም ከግብርነት ወደ ውሳኔነት ይለወጣል። የጊዜ ሰሌዳውም ከዚህ ያላነሰ ነው። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ በግንቦትና በሰኔ የሚጠራ «የበጀት ውይይት» የሚያገኘው ተዘጋጅቶ ያለቀ ሰነድ ነው። የነዋሪው ምርጫ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ በታኅሣሥና በጥር ተጠናቆ፣ ባለሙያዎች የካቲትና መጋቢትን ለጥናትና ለወጪ ግምት ቢጠቀሙበት፣ ምክር ቤቱ ሐምሌ ላይ የሚያጸድቀው ሰነድ የሕዝቡን እጅ የያዘ ይሆናል። ያለፈው ዓመት ሒሳብ ደግሞ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ የተሠራውንና የቀረውን ከነምክንያቱ ለየቀበሌው ለማቅረብ ኅዳር በቂ ጊዜ ነው፤ አዲሱ ምርጫም ከዚያ ሪፖርት ቀጥሎ ይጀመራል።